ሁላችንም የተገኘንበት ስብሰባ

በሕይወቴ ለስብሰባ ብዬ የሮጥኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ስብሰባ ወዳድ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። የሮጥኩት ከቀረሁ እንደምመረጥ ስለማውቅ ነው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ከእናቴ ጋር እኖራለሁ፤ የዶክትሬት ጥናቴን ጽፌ ካስረከብኩ ወር አልፎኛል። ስሜ ፍሬሕይወት ነው፣ ሰው ሁሉ ግን ፍሬ ይለኛል። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ከያዝኩ ማንም አይችለኝም። ከእኩዮቼ ፊት ተነስተሽ ሐሳብ ስጪ ከተባልኩ ግን ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ስለዚህ የትም አዳራሽ ስገባ መጀመሪያ የምፈልገው በሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ነው።

አባል የሆንኩበት ማህበር የኦፕቲማይዜሽን ባለሙያዎች ማህበር ይባላል። ስሙ አያስፈራችሁ። ኦፕቲማይዜሽን ማለት ባለን ነገር የተሻለውን ለማድረግ የሚረዳ የሂሳብ ዘርፍ ነው። አምቡላንሶች የት የት ቢቆሙ ለሁሉም ሰፈር ቶሎ ይደርሳሉ? የፈተና ፕሮግራም እንዴት ቢወጣ አንድ ተማሪ በአንድ ሰዓት ሁለት ፈተና አይገጥመውም? እንዲህ ያለውን የምናሰላ ሃያ ሦስት ሰዎች ነን። ማህበሩ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በየክረምቱ ከየክልሉ ለሚመጡ ተማሪዎችና አስተማሪዎች በሚሰጠው የሁለት ሳምንት ነፃ ትምህርት ነው። እኔም የዚያ ትምህርት ፍሬ ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር፣ «ይሄ ሁሉ ኤክስ ምን ይሠራልናል?» ለሚሉኝ ልጆች መልስ አጥቼ ሥራዬ በሰለቸኝ ክረምት፣ ዶክተር መክብብ የሚባሉ ጠና ያሉ መምህር ሰሌዳው ላይ የጉለሌን ሰፈሮች ነጥብ በነጥብ ሥለው፣ «አንድ ጤና ጣቢያ ብቻ መሥራት ብንችል የት እናድርገው?» ብለው ጠየቁን። ያን ቀን ምሳ መብላት ረስቼ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ አላየሁም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። በማህበራችን ሥልጣን የሚሰጠው ለቀረ ሰው ነበር። ቀልድ አይደለም። ጉባኤ ላይ የተገኘ ሰው ሲጠቆም ይነሳና ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ፣ «ስለ እምነታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን...» ይላል። እንደዚህ ማለት ጨዋነት ነው። ራሱን የሚጠቁም ሰው ደግሞ አልታየም፤ ቢታይም «ምን ፈልጎ ነው?» መባሉ አይቀርም። የቀረ ሰው ግን «ነገር ግን» የሚልበት አፍ የለውም። «በሌለበት በሙሉ ድምፅ ተመርጧል» ተብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ ይሰፍራል፣ ይጨበጨባል፣ ሰው ሁሉ እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እድር ውስጥም፣ ወላጅ ኮሚቴ ውስጥም ያላችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ዶክተር መክብብ ራሳቸው ሊቀመንበር የሆኑት እንዲሁ ነው። ያን ዕለት እንጦጦ ማርያም ሊሳለሙ ወጥተው ነበር፤ ሲወርዱ «እንኳን ደስ አለዎት!» የሚል ስልክ ተቀበላቸው። ለምን «እንኳን ደስ አለዎት» እንደተባሉ ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጅቶባቸዋል።

በዚህ የተነሳ የእኛ ስብሰባ ላይ ሰው አይቀርም። ሌሎች ማህበራት ምልዓተ ጉባኤ አልሞላ ብሏቸው ሲቸገሩ እኛ ወንበር ይጠበናል። ሰው «ምን ዓይነት ፍቅር ቢኖራቸው ነው?» ይለናል።

እንግዲህ የዶክተር መክብብ ዘመን አለቀ። ደንቡ ከሦስት ዙር በላይ አይፈቅድም፤ እሳቸውም ደክመዋል። በቀደመው ጉባኤ የቀረ አንድ አባል በሌለበት ተመረጠ፤ እሱ ግን ከሄደበት ውጭ አገር «አልቀበልም፣ ከማህበሩም ወጥቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ደንባችን ደግሞ በተከታታይ ሁለት ጉባኤ ሊቀመንበር ያላገኘ ማህበር ይፈርሳል ይላል። የዚያ ቅዳሜ ስብሰባ ሁለተኛው ነበር። ሰው ካልተገኘ ማህበሩም፣ የክረምቱ ትምህርትም ያከትማል። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። ሁላችንም ደግሞ «የሚቀር አንድ ሰው አይጠፋም» ብለን ተማምነናል።

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። የምንሰበሰብበት የዘወትር አዳራሽ እድሳት ላይ ስለነበር ዶክተር መክብብ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ያለውን የእድራቸውን ቤት አስፈቅደዋል። እኔ ከቤት በጊዜ ነው የወጣሁት። የተሳፈርኩበት ታክሲ ግን መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ።

«አምስት ደቂቃ! ጎሚስታው እዚሁ ነው፣ እንዳትወርዱ!» አለ ረዳቱ።

ሰዓቴን አየሁ። ለሦስት ሩብ ጉዳይ። የጎሚስታ አምስት ደቂቃ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወርጄ መሮጥ ጀመርኩ። በቀሚስና በቅዳሜ ጫማዬ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ፣ ሎሚ የሚሸጡ ሴቶችን እየዘለልኩ ሮጥኩ። አንድ ሽማግሌ «ምነው ልጄ፣ ማን ታመመ?» አሉኝ፤ ወደ ሆስፒታል የምሮጥ መስሏቸው ነው። «ሊመርጡኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ምን እንደመሰላቸው እግዚአብሔር ይወቀው።

ስደርስ ጸሐፊያችን ጌታሁን መዝገቡን ገልጦ ስም ሊጠራ ጉሮሮውን እየጠራረገ ነው። ጌታሁን የማህበሩን ደንብ ከነአንቀጹ በቃሉ የሚወጣ ሰው ነው። በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ዙሪያዬን ሳይ ቤቱ ጢም ብሏል። ግድግዳው ጥግ የእድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ ቆሟል፤ ትልልቅ ብረት ድስቶች ተደራርበዋል። አንዱ የልጁን ክርስትና ትቶ በነጠላ መጥቷል። ሌላው ከአዳማ ሌሊት ተነስቶ ነው። ሁላችንም እየተቃቀፍን «እንኳን በሰላም መጣህ» እንባባላለን፤ በሆዳችን ግን «ምናለ ብትቀር!» ነው።

ስም ጥሪው ተጀመረ። በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥ ያለ ቤት አላየሁም። አንድ ስም ይጠራል፣ ሃያ ሁለት ሰው ትንፋሹን ይይዛል።

«አለሁ!»

ትንፋሽ ይለቀቃል። ሌላ ስም።

«አለሁ!»

«ፍሬሕይወት?»

«አለሁ!» አልኩ፤ ድምፄ ከሩጫው የተነሳ እንደ ፉጨት ወጣ። እንዲህ እያለ የመጨረሻው ስም ላይ ደረሰ።

«ዳዊት?» አለ ጌታሁን።

ዝም።

«ዳዊት?»

አንድ ሰው ከኋላ፣ «ዳዊትማ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ጳውሎስ ተኝቷል፤ ሦስት ቀኑ» አለ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለን። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ፊታችን ሁሉ በራ። «እግዚአብሔር ይማረው!» አለ ባለ ክርስትናው ሰውዬ በፍጥነት፤ «ዳዊት በጣም ትጉህ ወንድማችን ነው። ለሊቀመንበርነት እጠቁመዋለሁ!»

«እደግፋለሁ!»

«እኔም እደግፋለሁ!»

ጌታሁን ብዕሩን አነሳ። ያኔ በሩ ከጎኔ በኃይል ተከፈተና በቢጃማው ላይ ኮት የደረበ፣ ሆዱን በአንድ እጁ የደገፈ ሰው ገባ።

«አለሁ! አለሁ! እንዳትጽፉ!»

ዳዊት ነበር። ከኋላው ባለቤቱ ብርድ ልብስና ፔርሙዝ ተሸክማ ቆማለች። «መውጫ ወረቀቱን እንደሰጡን ቤት እንሂድ ብዬ ብለምነው እምቢ አለ» አለች፣ እንባ የቀረበው በሚመስል ቁጣ፤ «ስብሰባ አለኝ አለ። ሰው እንዴት ከተቀደደ ሆዱ ስብሰባ ያስቀድማል?»

ወንበር ሰጠናቸው። ጌታሁን መዝገቡን ዘጋና «ሃያ ሦስት ከሃያ ሦስት» አለ፤ ይህን ሲል የሰው ሞት የሚያረዳ ይመስል ነበር። ማህበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም ሰው ያልቀረበት ጉባኤ ያ ብቻ ነው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የተሻለውን መምረጥ ሥራችን የሆነ ሃያ ሦስት ሰዎች፣ እያንዳንዳችን ለየራሳችን የተሻለውን መርጠን፣ አንድ ላይ ከሁሉ የከፋው ላይ ደረስን። ይህን ፈተና ላይ ብጠይቅ ተማሪዎቼ ይመልሱታል።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አራት ሰዓት ሙሉ እንዴት ልንገራችሁ? ጥቆማ ተጀመረ። ተጠቋሚው ሁሉ እጁን ደረቱ ላይ እያደረገ አመሰገነ። አንዱ ቤት እየሠራ ነው። ሌላው ደም ግፊት አለበት። አንዷ እርጉዝ ነች፤ ይሄ እንኳ እውነት ነው፣ ይታያል። ዶክተር መክብብ የእድሩን ጥቁር ሰሌዳ ሳብ አድርገው የእያንዳንዱን ሰው ስምና ምክንያት መጻፍ ጀመሩ። ጽሕፈታቸው እንደ ድሮው የተስተካከለ ነው። ከሽበታቸው ጋር የሚሄድ ግራጫ ሹራብ ለብሰዋል። ምንም አይቆጡም፣ ይጽፋሉ ብቻ።

«ዕጣ እንጣል» አለ አንዱ።

ለአንድ አፍታ ተስፋ ያገኘን መሰለን። ነገር ግን የሂሳብ ሰው ሰብስባችሁ ዕጣ አትጣሉ። ወረቀቱ እኩል ይታጠፋል ወይ፣ ዕጣው የሚወጣበት ቆብ ውስጥ በደንብ ይደባለቃል ወይ፣ የታችኛው ወረቀት የመውጣት ዕድሉ ከላይኛው ያንሳል ወይ እየተባለ ሃምሳ ደቂቃ ተከራከርን። በመጨረሻ አወጣጡ ላይ ስንስማማ ባለ ደም ግፊቱ ተነሳና፣ «እኔ በጤናዬ ምክንያት ከዕጣው ውጭ ልሁን» አለ። ተፈቀደለት። እርጉዟም ወጣች። ዳዊት ሆዱን እያሳየ ወጣ። እንዲህ አንድ በአንድ እየተነሱ ቆቡ ውስጥ የቀረው የአራት ሰው ስም ሆነ። ከአራቱ አንዷ እኔ ነኝ።

ዶክተር መክብብ ወደ እኔ ዞሩ። «ፍሬ፣ አንቺስ?»

ተነሳሁ። እጄን ደረቴ ላይ አደረግኩ። «እኔ... ማለቴ... የዶክትሬት ጥናቴን አልጨረስኩም። እሱን ሳልጨርስ...»

የጥናቴ አማካሪ ማን እንደሆኑ አልነገርኳችሁም። ዶክተር መክብብ ናቸው። የመጨረሻውን ገጽ ከእጄ የተቀበሉት፣ «እንግዲህ እረፊ» ብለው የሸኙኝ እሳቸው ናቸው። ይህን ያስታወስኩት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

አዩኝ። ረጅም አስተያየት አልነበረም። ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞሩና በዚያ ባማረ ጽሕፈታቸው «ፍሬሕይወት፦ ጥናት አልጨረሰችም» ብለው ጻፉ። ምነው በተቆጡኝ፣ ምነው «ውሸታም!» ባሉኝ! የቀሩት ሦስቱም ተራ በተራ ምክንያታቸውን ሰጥተው ወጡ፤ ቆቡ ባዶ ሆነ። ምን እንዳሉ ግን አልሰማሁም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን አሥር ደቂቃ እረፍት ተባለ። ከስምንት ሰዓት በኋላ ቤቱን ራሱ እድሩ ይፈልገዋል። ወደ ውጭ ወጥቼ ቧንቧው አጠገብ ፊቴን ስታጠብ የእድሩን ቁልፍ የሚይዙት እትዬ ብዙነሽ ድስት እያጠቡ አገኘኋቸው። ወፈር ያሉ፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ፣ ሰው ፊት አይተው ዝም የማይሉ ሴት ናቸው።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አሉኝ። «እዚህ ቤት ብዙ ሐዘንተኛ ተቀምጧል፤ እንደ እናንተ ፊቱ የጠቆረ አላየሁም። የሞተባችሁ ሰው አለ?»

«ማህበራችን ሊሞት ነው፣ እትዬ።»

«ምን ዓይነት ማህበር ነው? የጽዋ ነው?»

አይደለም ብዬ አስረዳኋቸው። ስለ አምቡላንሱ ነገርኳቸው፤ ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ክረምቱ ትምህርት፣ ከየክልሉ ስለሚመጡት ሰዎች፣ እኔም እንዴት እንደመጣሁ። ስናገር ጉሮሮዬ አልተዘጋም። እጃቸው ድስቱ ላይ ቆሞ ሰሙኝ።

«ታዲያ ይሄ ነገር ቢቀር ግድ የለሽም?»

«ኧረ እትዬ! ግድ አለኝ እንጂ!»

«እሺ፣ ማንን ነው የምትጠብቁት?»

«የተሻለ ሰው...» አልኩ።

ሳቁ። ድስቱን ገልብጠው ውኃውን ደፉ። «እኔን ማንም አልመረጠኝም እኮ። የድሮው ቁልፍ ያዥ ሰፈር ለቆ ሄደ። ዕቃው ደጅ ቀርቶ ዝናብ ሲመታው አየሁና ተናደድኩ። ቁልፉን ስጡኝ አልኳቸው፣ በቃ። ሰው ትንሽ አወራብኝ፤ ዘመድ የላትም እንዴ፣ ምን ልትወስድ ነው አሉ። ከዚያ ደከማቸው። ድስቱ ግን ይኸው ደረቅ ነው።» ከዚያ ወደ ውስጥ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ጋሽ መክብብ ጠዋት ቤቱን ራሳቸው ነው የጠረጉት። ተዉ ብላቸው አልሰማ አሉኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ስለሆነ ነው አሉ» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ አለቀስኩ። ፊቴ እርጥብ ስለነበር ያወቁብኝ አይመስለኝም።

ወደ ውስጥ ስንመለስ ጌታሁን ቆሞ ጠበቀን። ደንቡን ገልጧል። «እንግዲህ» አለ፤ ያን የመሰለ ደንብ ወዳድ ሰው ድምፁ ተሰበረ፤ «እንግዲህ በአንቀጹ መሠረት... ጉባኤው የማህበሩን መፍረስ ይቃወም ወይም ያጽድቅ...» ዶክተር መክብብ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀት ፊታቸው ዘረጉ። የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ የእድሩ ሰዎች ለራሳቸው ስብሰባ መምጣት ጀምረዋል፤ አራት ሽማግሌዎች በጨዋ ደንብ ከኋላ ቆሙ።

እጄን አወጣሁ።

ዶክተር መክብብ ቀና አሉ። «መሄድ ፈልገሽ ነው ፍሬ? ሂጂ፣ ግድ የለም።»

«አይደለም» አልኩ። ተነሳሁ። ጉልበቴ እንደለመደው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የፊት ወንበሩን ያዝኩ። «እኔ ቅድም ዋሽቻለሁ። ጥናቴን ጨርሻለሁ። ካስረከብኩ ወር አልፎኛል። ዶክተር ያውቃሉ። ሰሌዳው ላይ ያለው ይጥፋልኝ።» ትንፋሼን ሰበሰብኩ። «ሊቀመንበር እኔ ልሁን።»

አንዱ ሳል አለ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ።

«ስነ ሥርዓት!» አለ ጌታሁን። «ራስን መጠቆም የሚባል ነገር በደንቡ ላይ የለም!»

«ምን አስባ ነው?» አለ አንዱ፣ ዝቅ ባለ ግን በሚሰማ ድምፅ። «የውጭ ጉዞ መጥቷል እንዴ?»

«ምንም ጉዞ አልመጣም» አልኩ። «የክረምቱ ትምህርት እንዲቀር አልፈልግም። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስብሰባ መምራት አልችልም፣ አያችሁ እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው። ግን እማራለሁ።»

ዳዊት ሆዱን ይዞ ከወንበሩ ከፍ አለ። «ደንቡ ካስቸገረ እኔ ልጠቁማት፣ በቃ!»

«አመሰግናለሁ ዳዊት፣ ግን ራሴን የጠቆምኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም፤ ብቻ ያን አንድ ነገር ማንም እንዲወስድብኝ አልፈለግኩም።

ዶክተር መክብብ መነጽራቸውን አስተካክለው «ጌታሁን፣ ደንቡን ስጠኝ» አሉ። ገጹን ፈለጉና ጮክ ብለው አነበቡ። «ማንኛውም አባል ለማንኛውም ሥልጣን ማንኛውንም አባል መጠቆም ይችላል። ይላል አይደል?»

«ይላል።»

«ፍሬሕይወት አባል ናት?»

«ናት።»

«ጠቋሚዋ ማን ናት?»

«ፍሬሕይወት።»

«ተጠቋሚዋስ?»

«ፍሬ...» ጌታሁን አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰውየው እውነተኛ የሂሳብ ሰው ነው፤ የተረጋገጠ ነገር ሲያይ ደስታው ከፊቱ ላይ አይደበቅም። «ትክክል ነው!» አለ፣ ጠረጴዛውን እየመታ። «ሰው የማይጠቁመው ራሱን ነው የሚል የትም አልተጻፈም! ስንት ዓመት ስናነበው...»

«ድምፅ እንስጥ» አሉ ዶክተር መክብብ።

እጆች ወጡ። እኔ ወለሉን ነበር የማየው። ጌታሁን በብዕሩ እየጠቆመ ቆጠረ። ቆመ። እንደገና ቆጠረ።

«ሃያ ሰባት!» አለ ተደናግጦ። «እሷ ድምፅ አልሰጠችም፣ እኛ ሃያ ሁለት ነን። ሃያ ሰባት ከየት መጣ?»

ሁላችንም ዞር ስንል በሩ ላይ የቆሙት አራቱ የእድር ሽማግሌዎች እጃቸውን ቀጥ አድርገው አውጥተዋል። የዳዊት ባለቤትም ፔርሙዙን በአንድ እጇ ይዛ ሌላውን አውጥታለች።

«ይቅርታ አባቶች፣ እናንተ አባል አይደላችሁም» አለ ጌታሁን።

«እናውቃለን ልጄ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ፣ እጃቸውን ሳያወርዱ። «ሰዓታችን ደርሷል። አሳልፉልን ብለን ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳዊት «አታስቁኝ፣ ስፌቴ!» እያለ ይጮሃል። እትዬ ብዙነሽ ከደጅ እልልታቸውን አቀለጡት። ያን ያህል የሳቅንበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ እኔም እየሳቅኩ ነው እግሬ መንቀጥቀጥ ማቆሙን ያወቅኩት።

ዶክተር መክብብ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡና እጄ ላይ አደረጉ። የማህበሩ ማህተም ነበር፤ ከኪሳቸው ሙቀት የተነሳ ሞቅ ብሏል። «ለእኔ ሳልኖር ነው የሰጡኝ» አሉኝ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «አንቺ ቆመሽ ተቀበልሽ። ይሄ ይሻላል።»

ይኸው ነው ገጠመኜ። እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት ዛሬ በአንድ ስብሰባ ጥግ ተቀምጣችሁ «ስሜን እንዳይጠሩት» እያላችሁ ይሆናል። አልፈርድባችሁም፤ ጥጉን ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። እኔ ትሕትና የመሰለኝ ነገር አብዛኛው ፍርሃት እንደነበር ያወቅኩት ያን ቅዳሜ ነው። «የተሻለ ሰው ይምጣ» ስል ራሴን ዝቅ ያደረግኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሸክሙን ለሌላ ሰው እያሸከምኩ ነው። ያን አውቄ ሁሉ ነገር ቀለለኝ አልላችሁም። የመጀመሪያውን ስብሰባ ስመራ አጀንዳ ሁለትን ሳልጠራ ሦስት ላይ ሄድኩ፤ ጌታሁን ሦስት ጊዜ «ስነ ሥርዓት» አለኝ። ሐሜቱም አልቀረልኝም፤ ዓመት ሙሉ «ጉዞው መቼ ነው?» የሚሉኝ ነበሩ። አሁን ግን ስብሰባ ስገባ በሩን አልፈልግም። ሰው ፊት ተነስቼ «እኔ ልሥራው» ማለት ተምሬያለሁ፤ እናቴ ቤት ውስጥ ሳይቀር ለውጡን አይታለች፣ ትንሽም አስቸግሬያታለሁ። የክረምቱ ትምህርትም ያን ዓመት ተሰጠ።

በቀጣዩ ጉባኤ አሥራ አራት ሰው ብቻ መጣ። ምልዓተ ጉባኤው ለጥቂት ሞላ። በመጀመሪያ አጠፋሁት እንዴ አልኩ። ከዚያ ሳያቸው ማንም ሰዓቱን አያይም፣ ማንም ሌላው ቀረ አልቀረ ብሎ አንገቱን አያዞርም። ለመምጣት ስለፈለጉ የመጡ ሰዎች ናቸው። የክረምቱን ትምህርት የሚያስተባብር ሰው ያስፈልገን ነበርና፣ ማንም አይነሳም ብዬ እየጠበቅኩ «ፈቃደኛ አለ?» አልኩ።

ዳዊት እጁን አወጣ።

«ስነ ሥርዓት!» አለ ጌታሁን፣ የራሱን እጅ እያወጣ። «እኔ ቀድሜ ነው ያሰብኩት።»

ሁለቱም አልለቅም አሉ። ተከራከሩ፣ ተቆጡ፣ ዕቅዳቸውን ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ሌላ መንገድ ስላልነበረ ድምፅ ቆጠርን።